ሻንሲ ቁጥር የሌለው ገንዘብ

ራውዳ፣ ምሥራቅ ሪያድ ሆኜ ያገለገሉ መኪናዎችን የሚሸጡ ነጋዴዎችን ሂሳብ እይዛለሁ። ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለ የሙያ ጓደኛዬ ደውሎ፣ የባንክ ስቴትመንትን ከፒዲኤፍ ወደ ሂሳብ ሶፍትዌር የሚገለብጥ ፕሮግራም ማግኘቱን ነገረኝ። «ከእንግዲህ ተገላገልኩ» አለ። ገና ነው።

መገልበጡ ራሱ ጣጣ አለው። የዓረብኛው መግለጫ ፊደሉ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ ይወጣል። ባንኩ ክሬዲት ያለው በእኛ መዝገብ ዴቢት መሆኑን ፕሮግራሙ አንዳንዴ ይስታል። የከፋው ቀኑ ነው። ጁላይ 5 የተሸጠ መኪና ቀንና ወሩ ከተቀያየረ ሜይ 7 ላይ ያርፋል፤ የእኛ ነጋዴዎች ቫት የሚያሳውቁት በየሦስት ወሩ ስለሆነ ሽያጩ ወደተዘጋው ሩብ ዓመት ይገባል። ቀኑ ከ12 በላይ ሲሆን ሶፍትዌሩ አልቀበልም ይላል፤ እስከ 12 ያለውን ግን ዝም ብሎ ይውጣል። በመነሻው ቀሪ ላይ ገቢውን ደምሮ፣ ወጪውን ቀንሶ ከመጨረሻው ቀሪ ጋር ማስተያየት የጎደለ መስመር ያጋልጣል። የተሳሳተ ቀን ግን በዚህ አይያዝም።

ይህ ሁሉ በትዕግሥት ይስተካከላል። የማይስተካከለው ስቴትመንቱ ላይ ከመጀመሪያውም ያልተጻፈው ነገር ነው።

ሳዑዲ ቫትን በ2018 በ5 በመቶ ጀምራ በጁላይ 2020 ወደ 15 አሳደገችው። ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ መስፈርቱን ለሚያሟላ ያገለገለ መኪና ግብሩ በትርፉ ላይ ብቻ እንዲሰላ ተፈቀደ። አንድ ነጋዴ ከግለሰብ በ60 ሺህ ሪያል ገዝቶ በ66 ሺህ ቢሸጥ፣ ከ6 ሺህ ሪያሉ ትርፍ ውስጥ ቫቱ 782 ሪያል ገደማ ነው። በሙሉ ዋጋው ከተሰላ ግን 8,600 ይደርሳል። ለነጋዴው ልዩነቱ ትርፉን በልቶ ከኪሱ የሚያስወጣ ነው። ስቴትመንቱ የሚለው ግን በአንድ ቀን 60 ሺህ ወጣ፣ ከሳምንታት በኋላ 66 ሺህ ገባ ብቻ ነው። ሁለቱ መስመሮች የአንድ መኪና መሆናቸውን የሚናገር ቃል የለም። ያውም ገዢው ቀብድ ከፍሎ ቀሪውን ፋይናንስ ኩባንያ ሲያስገባ 66 ሺው ራሱ ለሁለት ይከፈላል፤ ፕሮግራሙም ቀብዱን እንደ አንድ ሽያጭ፣ ቀሪውን እንደ ሌላ ሽያጭ ይመዘግባል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ገንዘብ ሲገባም ሲወጣም የሻንሲው ቁጥር፣ ቢያንስ የመጨረሻዎቹ ስድስት፣ በማስተላለፊያው ምክንያት ላይ ይጻፍ። ሙዲሬ (አለቃዬ) መጀመሪያ «ደንበኛው ቸኩሏል» ብሎ ተከራከረኝ። ለመኪና ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ስድስት ቁጥር ለመጻፍ የሚቸኩል አይመስለኝም።

ጓደኛዬ ፋይሉን የሚጭነው በነጻ ድረ ገጽ ላይ መሆኑን ስሰማ ደግሞ ደነገጥኩ። ስቴትመንት የደንበኞች ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ ማን ለማን ስንት እንደላከ የያዘ ሰነድ ነው። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። ነጻ የሆነው ድረ ገጽ ፋይሉን የት እንደሚያስቀምጠው ጓደኛዬ አልጠየቀም፤ አብዛኞቻችንም አንጠይቅም።

ደግሞስ ለምን ይገለበጣል? ባንኩ መረጃውን መጀመሪያ የያዘው በሰንጠረዥ ነው። እሱን ወደ ፒዲኤፍ ወይም ማኅተም ወዳለበት ወረቀት ቀይሮ ይሰጠናል፤ እኛ ደግሞ መልሰን ወደ ሰንጠረዥ ለመቀየር ጊዜና ገንዘብ እናፈሳለን። በአገራችን የበጀት ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የቀን አቆጣጠሩ ልዩነትም ይጨመርበታል።

ስለዚህ የአገር ቤት ባንኮች የንግድ ደንበኛ ሲጠይቅ ስቴትመንቱን ማኅተም ካለበት ወረቀት ጋር በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ ይስጡ። መኪና ሻጮችም ቀጣዩን ቀብድ ስትቀበሉ የሻንሲ ቁጥሩን አስጽፉ።