አይሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ባላገሩ ይጠየቅ

የደብረ ማርቆስ ሕዝብ አይሮፕላን ይግባልን ሲል የኖረ ሕዝብ ነው። በቀድሞው ዘመን አስፋልት ያልለበሰው ሜዳ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ዳኮታዎች ያስተናግድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ሹምም ሆነ ተማሪ፣ ጤነኛም ሆነ በሽተኛ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ግዴታው ሆኖ ቈይቷል። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም የሚጠራው አዲሱ አየር ማረፊያ ሥራ ሲዠመር ሕዝቡ የተሰማውን ደስታ እኛም ተካፍለናል። እንግዲህ ይህን ሥራ የምንቃወም ሰዎች አይደለንም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው፣ በአገራችን ስለ አንድ ሥራ ጥያቄ ያነሣ ሰው ወዲያው «የልማት ጠላት» የሚል ስም ስለሚለጠፍበት ነው።

ጥያቄያችን ስለ ሜዳው ሳይሆን ከአጥሩ ውጭ ስላለው መሬት ነው። ያ መሬት ከእንግዲህ ምን ይሠራበታል? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው?

ስለ ጩኸቱ እውነቱን እንናገር። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚመጣ ባለ ፕሮፔለር አይሮፕላን ከተማ አያደነቍርም። እንዲያውም ልጆች በየቀኑ በጉጉት የሚጠብቁት ነገር ይሆናል። ዳሩ ግን ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ አይሮፕላን ለመነሣት ረዥም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ ቶሎ ሽቅብ አይወጣለትም። ስለዚህ ከቈላ ማረፊያ ከሚነሣው ይልቅ ከደጋ ማረፊያ የሚነሣው አይሮፕላን በቤቶች ጣሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ ላይ በረራው እየበዛ፣ አይሮፕላኑም እየገዘፈ ሲሄድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚኖረው ጩኸት በዛሬው ጩኸት አይለካም። ማረፊያ የሚሠራው ለአንድ ትውልድ ብቻ አይደለምና።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በልደታ የነበረው የአዲስ አበባ ማረፊያ ለጄት አልበቃ ስላለ፣ በ1955 ዓ.ም. ጄቶቹ ወደ ቦሌ ሲገቡ ቦሌ ከከተማው ውጭ የሆነ ሜዳና እርሻ ነበር። ከተማው ግን ተከትሎት ሄደ። መንገዱ ሲሠራ ቪላው ተከተለ፣ ቪላውን ሱቅ፣ ሱቁን ፎቅ ተከተለው። ዛሬ ገርጂ፣ ቦሌ ሚካኤልና ቡልቡላ ማረፊያውን ከበውት፣ በጄት ድምፅ መካከል የስልክ ንግግሩን አቋርጦ መጠበቅ ለነዋሪው ልማድ ሆኗል። «ማረፊያው ወደ ሰዎቹ አልሄደም፤ ሰዎቹ ናቸው ወደ ማረፊያው የመጡት» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ሰዎቹ መጥተዋል፤ ዳሩ ግን መሬት እየመራ፣ ፕላን እያጸደቀ፣ ውሃና መብራት እያስገባ ያመጣቸው የከተማው አስተዳደር ራሱ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ሜዳ ተገኝቷል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የቢሾፍቱው ታላቅ ማረፊያ የንድፍ ውል ተፈርሞ፣ በጥር 2018 ዓ.ም. ግንባታው ተበሥሯል፤ ሥራው ሲያልቅም በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችን ያስተናግዳል ተብሏል። ለዚህ ሲባል የአቡሴራ ገበሬዎች ከቀያቸው እንዲነሡ ሆኗል። የአቡሴራ ዙሪያም ነገ ሁለተኛ ገርጂ እንዳይሆን ዛሬ ምን ታስቧል ብሎ መጠየቅ የማንኛውም ዜጋ መብት ይመስለናል።

ወደ ራሳችን ደጋ እንመለስ። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ ባላገር ጤፉንና ስንዴውን ዘርቶ፣ በዳርቻው ባሕር ዛፍ ይተክላል። ባሕር ዛፉ የገበሬው ባንክ ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ሰው ሲታመም የሚቈረጠው እርሱ ነው። በአይሮፕላን መውጫና መግቢያ አቅጣጫ ግን ረዥም ዛፍ አይፈቀድም። ፎቅም አይፈቀድም። የቈሻሻ መጣያና ቄራም አሞራና ጭልፊት ስለሚሰበስቡ በአቅራቢያ ሊኖሩ አይገባም፤ አንድ አሞራ ሞተር ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ክልከላዎች ናቸው። ነገር ግን መሬቱ ለሜዳው የተወሰደበት ገበሬ በአነሰም በበዛም ካሣ ይቈጠርለታል። ከአጥሩ ወዲህ ያለው ጎረቤቱስ? መሬቱ አልተወሰደበትም፤ ደብተሩም በእጁ ነው፤ የእርሱና የሚስቱ ፎቶግራፍም ተለጥፎበታል። ዳሩ ግን ባሕር ዛፉን እንዳይተክል ተከልክሏል፤ ለልጁ ቤት ልሥራ ቢል አይፈቀድለትም፤ ጩኸቱ ግን በነጻ ይሰጠዋል። መሬት ሳይወሰድበት የመሬቱን ጥቅም የተቀማ ሰው በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? በስብሰባ ላይ ማንም ይህን ጥያቄ አያነሣለትም፤ ምክንያቱም «ተነሺ» ስላልሆነ በስብሰባው ላይ አልተጠራም።

በሌላ በኩል ደግሞ ደላላው አለ። ማረፊያ መጣ ሲባል ከሁሉ በፊት የሚሰማው እርሱ ነው። ገበሬው ነገ ያለ ዋጋ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ፈርቶ በስውር የሸጠው መሬት ላይ ጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ይበቅላል። ገዢው ድሀ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ መሬቱ የረከሰለት ለምን እንደ ሆነ አያውቅም። ከዓመታት በኋላ ወይ ጩኸቱን ተሸክሞ ይኖራል፣ ወይ ቤቱ በግሬደር ይፈርስበታል። ከዚህ ጥፋት የሚያድነው ፖሊስ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የተነገረና ሁሉም የሚያውቀው ፕላን ነው።

የጎጃም ባላገር ስለ መሬቱ ሳይጠየቅ የሚሠራን ሥራ እንዴት እንደሚያየው ታሪክ ይመሰክራል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ሰው ያመፀው ግብሩ ከብዶት ብቻ አልነበረም። ግምቱና ልኬቱ የርስቱ መጥፊያ መስሎ ስለ ታየው ነው። በሞጣና በዳሞት ገበሬው ተነሣ፤ ጦር ዘመተበት፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ጠቅላይ ገዢው ከሥልጣን ተነሣ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። የመሬት ሥሪቱ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ሜትር ይዞ የመጣ እንግዳ ሲታይ የሚነሣው ጥርጣሬ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ይህን ጥርጣሬ «ኋላ ቀርነት» ብለው የሚንቁት ሰዎች ገበሬው ከሰነድ ይልቅ በልምድ መማሩን የዘነጉ ናቸው።

ጃፓኖችም ይህን በውድ ዋጋ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የጃፓን መንግሥት የቶኪዮን አዲስ ማረፊያ በናሪታ፣ ሳንሪዙካ በተባለው የገበሬዎች መንደር ላይ ለመሥራት ሲወስን ገበሬዎቹን አላማከረም። ገበሬዎቹ ተማሪዎችን አስከትለው ለዓመታት ተዋጉ፤ ፖሊሶችም ተቃዋሚዎችም ሞቱ። ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1978 በአንድ መንደርደሪያ ብቻ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሙራያማ መንግሥት ስላደረሰው በደል ይቅርታ ጠየቁ። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ወራት የሚፈጅ ምክክር ቢደረግ ኖሮ ያን ሁሉ ባላስፈለገ ነበር።

ሌላም ከጀርመን አገር የተገኘ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የሙኒክ አሮጌ ማረፊያ ተዘግቶ አዲሱ ሲከፈት፣ ሊቃውንት በሁለቱም ዙሪያ የሚኖሩ ሕፃናትን መረመሩ። ጩኸቱ በመጣባቸው ልጆች ዘንድ የማንበብና የማስታወስ ችሎታ ሲቀንስ፣ ጩኸቱ በሄደላቸው ዘንድ ተሻሻለ። ይህን ስናነብ ወዲያው የታሰበን የቈሎ ተማሪው ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ በየደብሩ ሥር ያለው ተማሪ ትምህርቱን የሚቀበለው በመጽሐፍ ሳይሆን ከመምህሩ አፍ ነው። ጆሮው ከተወሰደበት ትምህርቱ ተወሰደበት። የማረፊያው ጥናት ሲሠራ የአብነት ትምህርት ቤቶች በካርታው ላይ ተመልክተው ይሆን?

ሕጉስ ምን ይላል? ሕግ አልጐደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረ ሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ አንቀጽ 92ም ይህንኑ ስለ አካባቢ ጥበቃ ይደግመዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ደግሞ የድምፅ ልክ ሲወሰን የሕዝቡ አሰፋፈር እንዲታሰብ ያዝዛል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2001 ባጸደቀው መመሪያ ጩኸትን ለመቀነስ ከሚረዱት አራት መንገዶች አንዱ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ነው። የጐደለው አፈጻጸሙ ነው። በእኛ አገር «ምክክር» ማለት ብዙ ጊዜ የተወሰነውን ነገር ለሕዝብ አንብቦ፣ ለስላሳ አጠጥቶ፣ አስጨብጭቦ መመለስ ነው። ሰው ስብሰባ ላይ ስለ ተገኘ ብቻ ተስማማ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ጩኸቱ የሚደርስበት ቦታ ዛሬ ባለው በረራ ብቻ ሳይሆን ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሚጠበቀው ተሰልቶ በካርታ ላይ ይሣል። በካርታው ውስጥ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት እንዳይሠራ፣ እርሻው እርሻ ሆኖ እንዲቀጥል፣ የእህል መጋዘን፣ ጋራዥና የአበባም ሆነ የአትክልት ማቀዝቀዣ የመሳሰለው ሥራ እንዲፈቀድ ይወሰን። ይህን የሚወስነው ጉባኤ ከማዘጋጃ ቤቱና ከአየር መንገዱ ሰዎች ጋር የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ፣ ዕድሮቹ፣ የደብሩ አለቃና በተለይም ስማቸው በይዞታ ደብተሩ ላይ የሰፈረው ሴቶች የሚገኙበት ይሁን። መሬቱን ሳይለቅ የመሬቱን ጥቅም ለተከለከለው ገበሬም ካሣ ይታሰብለት።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ባለበት ጦርነት የተነሣ ሰው መሰብሰብ ራሱ ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን። ይህ ግን ሳይጠይቁ ለመወሰን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ጉባኤ መጥራት ባይቻል ካርታውን በአማርኛ አጽፎ በቀበሌው ግድግዳና በየደብሩ ደጅ መለጠፍ ይቻላል። ማንበብ ለማይችለው እኛ እናነብለታለን፤ በዕረፍታችን ወራት ወደየቤታችን ስንመለስ ይህን ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኞች የሆን ተማሪዎች አለን። የሚያስፈልገን ካርታው ብቻ ነው።