ያን ቀይ ቆብ ከእማማ ራስ ላይ አውርዱልን

«የአንጎልን ባትሪ ቻርጅ ያደርጋል።»

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የምትጠብቀኝ ዓረፍተ ነገር ይቺ ናት። ከሥሯ ውስጡ በቀያይ አምፖሎች የተሞላ ቆብ የደፉ አዛውንት ፈገግ ብለው ይታያሉ። ዋጋው ከብዙዎቻችን የወር ደሞዝ ይበልጣል። ገዢው ደግሞ አዛውንቱ አይደሉም፤ ልጃቸው ነው። እናቱ ስሙን መሳት የጀመረችበት፣ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ስልኩ ላይ መፍትሔ የሚፈልግ ልጅ። ማስታወቂያው የሚያነጣጥረው እዚያ ፍርሃት ላይ ነው።

እኔ ከብርሃኑ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ «ሴል ውስጥ እንዲህ ይሠራል» ከሚለው ተነስቶ በአንድ ዝላይ «እናትህን ያድናል» ላይ ከሚያርፈው ሰው ጋር ነው። ለዚህ ዝላይ ቀድመን የምናጨበጭበው ደግሞ እኛ ኮድ ጻፊዎቹና ኢንጂነሮቹ መሆናችን ያናድደኛል። ሊንኩን ለቤተሰብ ግሩፕ የሚልከው ማን ሆነና?

መጀመሪያ እውነት የሆነውን እንቀበል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ፣ ዕረፍት ላይ ሳለን ከምናቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ጉልበቱን ኤቲፒ በሚባል ሞለኪውል መልክ የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት የሴል ክፍሎች ናቸው፤ ዕድሜ ሲገፋ እነሱም ይደክማሉ። በአልዛይመር የተያዘ አንጎል ግሉኮስ የመጠቀም አቅሙ መቀነሱም በምርመራ ምስል የሚታይ ነገር ነው። ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም ቀይ ብርሃንንና ለቀይ የቀረበውን ኢንፍራሬድ ይቀበላል። ብርሃኑ ኢንዛይሙን ያነቃዋል፣ የኤቲፒ ምርትም ይጨምራል የሚለው መላምት የመጣው ከዚህ ነው። ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1967 ቡዳፔስት ውስጥ ኤንድሬ ሜስተር የተባለ ሐኪም ሌዘር ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማየት ፀጉራቸው በተላጨ አይጦች ላይ አበራ። ካንሰር አልመጣም፤ ሌዘሩ ያረፈባቸው አይጦች ፀጉር ግን ቶሎ በቀለ።

እሺ፣ ጥሩ። ከዚህ በኋላስ?

ከዚህ በኋላ የራስ ቅል አለ። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ብርሃኑ ሴሉን በቀጥታ ያገኘዋል። ሰው ላይ ግን ፀጉሩን፣ ቆዳውን፣ አጥንቱን፣ ከአጥንቱ ሥር ያለውን ሽፋንና ፈሳሽ ማለፍ አለበት። በመንገዱ ይበተናል፣ ይዋጣል። አንጎል ገጽ ላይ የሚደርሰው ከተላከው ውስጥ በጣም ጥቂቱ ነው። አዲስ ነገር ለመያዝ ዋናው የሆነው ሂፖካምፐስ ደግሞ ገጹ ላይ እንኳን የለም፤ ከዚያ ብዙ ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የተቀመጠው።

አንድ ቀላል ሒሳብ ልጨምር። ጥርት ባለ ቀን የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት ያህል ታወርዳለች፤ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 100 ሚሊዋት ማለት ነው። ከዚህ ግማሽ ያህሉ ኢንፍራሬድ ነው። ለቤት የሚሸጡ ብዙ የቀይ ብርሃን ፓነሎች የሚፎክሩበት ቁጥርም እዚያው አካባቢ ነው። ይህ መጠን የራስ ቅልን ሰንጥቆ መርሳትን የሚያቆም ቢሆን፣ ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ራሰ በራ ገበሬ ሁሉ እስከ መጨረሻው ምንም ባልረሳ ነበር። ይህ ማስረጃ ነው አልልም። ሻጩ ግን ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሐሳብ በትልቅ ደረጃ ሰው ላይ ተሞክሯል። ማስታወቂያው የማይነግራችሁ እሱን ነው።

የተሞከረው በስትሮክ ነው። ጥንቸሎችና አይጦች ላይ ውጤቱ አስደሳች ነበር። ከዚያ ኔስት አንድ የተባለው ጥናት መጣ፤ ስትሮክ በያዛቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የደረሱ 120 ታካሚዎች፣ 808 ናኖሜትር ሌዘር በራስ ቅል በኩል። ውጤቱ በ2007 ሲወጣ ከማስመሰያው ይልቅ ሌዘሩን ያገኙት ተሽሏቸው ታየ። ጭብጨባ። ኔስት ሁለት 660 ታካሚዎችን ይዞ በ2009 ወጣ፤ ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልሆነም። ተመራማሪዎቹ መረጃውን በኋላ ቆራርጠው ሲያዩት መካከለኛ ጉዳት የደረሰባቸው የተጠቀሙ መሰላቸው። ስለዚህ ለእነሱ ተብሎ ኔስት ሦስት ታቀደ፤ 1000 ታካሚ። መሐል ላይ ውጤቱ ሲታይ «ቢቀጥልም የሚለወጥ ነገር የለም» ተብሎ ቆመ።

ዴቨሎፐር ለሆናችሁ በእኛ ቋንቋ ልንገራችሁ። ዩኒት ቴስቱ አልፏል፣ ዴሞው አብረቅርቋል፣ ፕሮዳክሽን ላይ ሲወጣ ወድቋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው «ላፕቶፔ ላይ ይሠራል እኮ» ቢለን ስቀን እንገለዋለን። አንጎል ላይ ሲሆን ለምንድነው የምናምነው?

«ስትሮክ ሌላ፣ የመርሳት በሽታ ሌላ» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ለመርሳት በሽታ የሚጠቀሱት ጥናቶች ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ፣ ለጥቂት ሳምንታት የተደረጉ ናቸው። የማስታወስ ፈተና ደግሞ ሲደጋገም ይለመዳል። በየቀኑ አጠገባቸው ተቀምጦ ቆብ የሚያደርግላቸው ሰው ያገኙ አዛውንትም በዚያ ብቻ ሊነቃቁ ይችላሉ። እነዚህን ሁሉ ለይቶ የሚያሳየው ብዙ ሰው በዕጣ ተከፍሎ፣ ግማሹ ብርሃን የማያወጣ ተመሳሳይ ቆብ አድርጎ፣ ለረጅም ጊዜ ሲታይ ነው። ያንን አምጡና እኔው ራሴ ወረፋ ይዤ እገዛለሁ።

ሌላው ማጭበርበሪያ ሁሉንም «ብርሃን» አንድ ላይ መቀቀል ነው። በሰከንድ 40 ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚለው ብርሃን ሌላ ታሪክ ነው፤ በዓይን የሚገባ ነው። በ2016 የኤምአይቲዋ ሊ ሁዌ ፃይና ባልደረቦቿ በአይጦች ላይ የአልዛይመርን ዝቃጭ ቀነሰ አሉ፤ በ2023 የጆርጂ ቡዣኪ ላብራቶሪ ያንኑ ደግሞ ሲሞክር አላገኘውም። በ2008 የታተመ የሆላንድ ጥናት ደግሞ በ12 የአረጋውያን መኖሪያዎች 189 ሰዎችን ይዞ፣ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ቀን ቀን የሚበራ ደማቅ መብራት አእምሮ የሚያሽቆለቁልበትን ፍጥነት በትንሹ መቀነሱን፣ ድባቴንም ማቅለሉን አሳይቷል። ይህም ቢሆን በዓይን በኩል የሰውነትን የቀንና የሌሊት ሰዓት የሚያስተካክል ነው እንጂ የራስ ቅል አይሰነጥቅም። ጠዋት ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ መሞቅ ከዚያ መብራት የበለጠ ብርሃን ይሰጣል፤ ያውም በነጻ።

አክስቴ ከውጭ ደውላ «አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ለእማዬ ልግዛላት?» አለችኝ። «መጀመሪያ ጆሯቸውን አስመርምሪያቸው» አልኳት። አልቀለድኩም። አያቴ «ረሱ» ከሚባሉት ነገር ግማሹን መጀመሪያውኑ አልሰሙትም።

የአንጎል ጉልበት ነገር ካሳሰበን ግሉኮሱንና ኦክስጅኑን የሚያደርሰው ደም ነው፤ ከደም ሥሮቹ እንጀምር። የላንሴት ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዘገባ 14 ልንቆጣጠራቸው የምንችላቸው አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ሁሉም ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ብቸኝነት እዚያ ውስጥ አሉ። ቀይ ብርሃን ማጣት የለም።

በእነሱ ላይም ያንኑ ሚዛን ልጠቀም። በ2019 የታተመው ስፕሪንት ማይንድ ጥናት ከ9000 በላይ ሰዎችን ይዞ ግፊትን ከ120 በታች ማውረድ ቀለል ያለውን የአእምሮ መዳከም እንደሚቀንስ አሳየ፤ በመርሳት በሽታው ላይ ግን የታየው ልዩነት አስተማማኝ ደረጃ አልደረሰም። የ2023ቱ የመስሚያ መሣሪያ ጥናትም በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ ለውጥ አላሳየም፤ የተጠቀሙት ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑት ናቸው። ልዩነቱን ግን አስተውሉት። ግፊት ማውረዱ ለማስታወስ ባይጠቅም እንኳ ልብንና ኩላሊትን ይጠብቃል። የመስሚያ መሣሪያው ለማስታወስ ባይጠቅም እንኳ እማማ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ ይሰማሉ። ቆቡ ካልሠራ ምን ይቀራል? የሞቀ ፀጉር።

«ጉዳት የለውም፣ ቢሞክሩትስ?» የሚለው ክርክር የሚያበሽቀኝ ለዚህ ነው። የቤተሰብ ገንዘብ ማለቂያ አለው፤ የቤተሰብ ትዕግሥትም እንዲሁ። ለቆቡ የወጣው ብር ከመነጽሩ፣ ከግፊት መድኃኒቱ፣ ከሐኪሙ ቀጠሮ ላይ የተቀነሰ ነው። ቆቡን ገዝቶ የላከ ልጅ ደግሞ «ግዴታዬን ተወጣሁ» ብሎ ለስድስት ወር ዝም ይላል። በዚያ ስድስት ወር ግፊቱን የለካ የለም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ቴክኖሎጂ እናውቃለን የምንል ሰዎች ቢያንስ ለቤተሰቦቻችን መጠርጠር አለብን። በሚቀጥለው ጊዜ ሊንኩ ግሩፑ ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ማስመሰያ ነበረው? ገንዘቡን የከፈለው ማነው? መልሱ እስኪመጣ ወደ ቤት ደውሉና ለእናታችሁ «ግፊትሽን መቼ ተለካሽ?» በሏት።