ጥለቱን ለብሰነዋል፤ ማን ይንደፈው?

በበዓል ቀን ጥለት ለብሰን ፎቶ እንለጥፋለን፤ "ባህላችን ኩራታችን" እንላለን። ጥሩ ነው። ግን እስቲ ወገኖቼ፣ ያ የለበስነው ጥለት ሸማኔ መወርወሪያ ወርውሮ የሠራው ነው ወይስ ውጭ አገር ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ላይ ታትሞ የመጣ? ኪሱ የሳሳ ሰው የታተመውን ቢገዛ አልፈርድበትም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጥለቱን ነድፎ፣ አሳትሞ፣ በስሙ አስመዝግቦ የሚሸጠው ለምን የእኛ ልጅ አይሆንም?

ዲፓርትመንት ልትመርጡ የተዘጋጃችሁ የመካነ ሰላም፣ የወግዲ፣ የከላላ፣ የአማራ ሳይንት ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። "ጨርቃ ጨርቅና ዲዛይን ልማር" ስትሉ "ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረህ ልብስ ሰፊ ልትሆን ነው እንዴ?" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ንቀቱ የቆየ ነው። ሸማኔውን "ቁጢት በጣሽ" ብሎ የሚሰድበው ሰው እኮ ሸማኔው የሠራለትን ኩታ ደርቦ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በኋላም ስድቡ መልኩን ቀይሮ እኛው ቤት ተቀምጧል።

ትምህርቱ ልብስ ስፌት ብቻ አይደለም። ሱፍ ላይ የሚጸና ቀለም ጥጥ ላይ ለምን እንደሚለቅ ኬሚስትሪው ይነግራችኋል። አንድ ንድፍ መገጣጠሚያው ሳይታይ ጨርቁን ሙሉ እንዲደጋገም ማድረግ ሥዕልም ሒሳብም ነው። የሚማሩበት ቦታም ሩቅ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ከመጀመሪያ ሙያዎቹ አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር፤ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅ ኢንጂነሪንግ ያስተምራል።

አሁን ወደ ደጋችን እንምጣ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ያን ብርድ አባቶቻችን የቻሉት እናቶች በእንዝርት በፈተሉት ጋቢና ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና ነው። የድሩ ልክ፣ የማጉ ውፍረት፣ የነጩና የጥቁሩ ጠጉር አሰላለፍ ሁሉ በሰው እጅና ጭንቅላት ውስጥ ያለ እውቀት ነው። ሰውየው ሲያልፍ አብሮት ይቀበራል።

ስኮትላንድ ውስጥ እንደኛው ብርዳም የሆኑ ደሴቶች አሉ። ሕዝቡ በየቤቱ በእጅ የሚሸምነው የሱፍ ጨርቅ "ሃሪስ ትዊድ" ይባላል። በ1993 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፓርላማ በዚህ ስም ብቻ ሕግ አወጣ፦ ሱፉ እዚያው ደሴቶቹ ላይ ካልተፈተለ፣ እዚያው በነዋሪው ቤት በእጅ ካልተሸመነ ስሙን መጠቀም አይቻልም። የበግ ጠጉር እኛም ዘንድ አለ። የጎደለን ጠጉሩን፣ ንድፉንና ሕጉን የሚያገናኝ የተማረ ሰው ነው።

ሕጉማ አለን። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት አዲስ የሆነ የመስመርና የቀለም ንድፍ ማስመዝገብ ይቻላል። "አዲስ" የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። የአያትን ጥለት እንዳለ ገልብጦ "የኔ ነው" ማለት አይሆንም፤ ከሱ ተነስቶ አዲስ የሚፈጥር ግን መብቱ የራሱ ነው። ለዚህ ደግሞ መንደፍ መቻል ያስፈልጋል።

ዲግሪው ብቻውን እንጀራ ይሆናል ብዬ አልዋሽም። ሥራ የለም፣ መነሻ ገንዘብ የለም፣ መንገዱም ሰላሙም ፈተና ነው። ግን ይሄ ችግር የትኛውን ዲፓርትመንት ነው የማረው? ቢያንስ ይሄኛው ጥሬ ዕቃውም መምህሩም መንደራችሁ ውስጥ አለ።

ሌላ ሙያ ለመረጣችሁም ሥራ አለ። ለእረፍት ቤት ስትገቡ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ አንድ ሸማኔ፣ ወደ አንዲት ፈታይ እናት ሂዱ። አስፈቅዳችሁ ጥለቱን ፎቶ አንሱ፤ ስሙን ጠይቁ፣ ክሩን ቁጠሩ፣ ጻፉት። ስትለጥፉ ባለሙያው ከፈቀደ ስሙን አብራችሁ ጻፉ። ስትገዙ ደግሞ ከእጁ ግዙ፤ ዋጋ አታራክሱበት።

በሚቀጥለው በዓል ፎቶ ስንለጥፍ "ይሄን ማን ነደፈው?" ለሚለን ሰው መልስ ይኑረን።