ጠርሙሱ ሞልቷል፣ ሴቶቹም አሉ፤ የጠፋው ምድጃው ነው

«የመስታወት ጥበብ የፈረንጅ ነው» የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ።

አፍሪካ አዳራሽ ገብታችሁ ቀና በሉ። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ አለ፤ 150 ካሬ ሜትር ነው። እንኮራበታለን፣ ይገባዋልም። ግን መስታወቱ የተሠራው ፈረንሳይ ነው። ሐሳቡ የእኛ፣ እሳቱ የሰው። ከስድሳ ዓመት በኋላም ለሠዓሊ የሚሆን እሳት እየለመንን ነው።

ዕቃው ጠፍቶ ነው እንዳትሉኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ጠርሙስ በማዳበሪያ ይራገፋል። ባህሉ የለም እንዳትሉኝም። እናቶቻችን አንገታቸው ላይ ያሰሩት ጨሌ ምን ነበር? የመስታወት ዶቃ አይደል እንዴ?

እኔና ጓደኞቼ የምንሠራው ከዚያው በገዛነው ጠርሙስ ነው፤ አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። እንቆርጣለን፣ እንሞርዳለን፣ በሙጫ እንገጥማለን። ማቅለጥ ግን አልቻልንም። ጠርሙስ ለስልሶ እርስ በርሱ እንዲጣበቅ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ ለሰዓታት ቀስ እያለ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። የተለያየ ፋብሪካ ጠርሙስ አብሮ ከቀለጠ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይስማማም፣ ሲቀዘቅዝ ይለያያል። የቱ ጠርሙስ ከየት እንደመጣ አይታ የምትለየው ማን ናት? እዚያው ቁጭ ብላ ጠርሙስ የምትሸጠዋ ሴት! እሷ ያላት እውቀት ለእኛ ትምህርት ቤት ነው።

ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የገዛውን የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ትልልቅ ሙዚየሞች ሰቅለውታል። ሲያንሰው ነው! እኛ ግን ከዚያው ገበያ ጠርሙስ ገዝተን ስንሠራ «የሴቶች እጅ ሥራ» ተብለን ከቅርጫትና ከዳንቴል ጎን እንደረደራለን። ለምን? ቅርጫቱንም ዳንቴሉንም አልናቅሁም፤ የናቃቸው ስሙን ያወጣው ሰው ነው።

አሜሪካ ውስጥ በ1962 እ.ኤ.አ. ሃርቪ ሊትልተን ቶሌዶ ሙዚየም ግቢ ትንሽ ምድጃ ተክሎ ሠዓሊ ከፋብሪካ ውጪ መስታወት ማቅለጥ እንደሚችል አሳየ። የተጀመረው በትንሽ ምድጃ ነው፣ በቤተ መንግሥት አይደለም።

ስለዚህ ማርች 8 ሲመጣ አበባውን ተዉት። አዲስ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል፣ አንድ የጋራ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የማይቆራረጥ መብራት። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች፣ ጠርሙስ ፋብሪካዎች፣ ክፍለ ከተማው፣ ተነጋገሩበት። ጠርሙሱን እኛ እናመጣለን።

የሚመለከተው ሰው ጋ እስኪደርስ ሼር አድርጉት።