ስለ ዕጣና ስለ ሎተሪ፥ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር

ዕጣ ላገራችን ዐዲስ ነገር አይደለም። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው። ዕቁብተኞችም በየጊዜው ዕጣ ያወጣሉ። ነገር ግን የዕቁብ ዕጣ ተራን ይለያል እንጂ ገንዘብ አያጠፋም፤ ዛሬ ያልወጣለት ሰው በሌላ ቀን ይወጣለታልና ኹሉም የጣለውን ያህል ይወስዳል። የሎተሪ ዕጣ ግን አንዱ እንዲያገኝ ብዙዎች የሚያጡበት ነው። የኹለቱን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ቤቱን ይጎዳል።

የሌሎችን አገሮች ሥርዐት ብንመለከት፥ በእስፓንያ የገና ሎተሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1812 በካዲስ ከተማ ተዠመረ። ዛሬም ዕጣው በሚወጣበት ቀን ቍጥሩን የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ልጆች በዜማ ያሰማሉ። አንዱ ቲኬት በ10 ስለሚከፈል ዘመድና ጎረቤት እየተካፈለ ይገዛዋል። በእንግሊዝ አገር በ1994 የተዠመረው ሎተሪ ከ59 ቍጥሮች 6ቱን ማግኘት ይጠይቃል፤ አንድ ቲኬት ታላቁን ዕጣ የሚያገኘው ከ45 ሚሊዮን በሚበልጥ ውስጥ አንድ ጊዜ ነው፤ ከደረሰውም ገንዘብ ላይ ግብር አይወሰድም። ፓወርቦል በሚባለው በአሜሪካው ሎተሪ ግን ከ292 ሚሊዮን አንድ ጊዜ ነው፤ ይኸውም ከኢትዮጵያ ሕዝብ ቍጥር እጥፍ ይበልጣል። ባለ ዕጣውም ወይ በየዓመቱ በ30 ክፍያ ወይ ተቀንሶ ባንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ግብርም ይከፍላል።

በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 ተቋቋመ። ቀድሞ ቲኬት የሚገዛው ከአዟሪ እጅ ነበር፤ ዛሬ ግን በስልክና በኢንተርኔትም ይገዛል፥ የዕጣውም ቍጥር በመልእክት ይደርሳል። ይኽ ነገር ለገዢው ድካምን አቃለለ፤ ለሌባም በር ከፈተ።

ባለፈው ክረምት አንዲት በሐርላ የሚኖሩ እናት እኔ ወደምጽፍበት ችሎት መጡ። በስልካቸው «ሎተሪ ደርሶዎታል፤ ገንዘቡ እንዲለቀቅ አስቀድመው ግብሩን ይላኩ» የሚል መልእክት ደርሷቸው፥ ለልጃቸው ትምህርት ያሰቧቸውን ኹለት ፍየሎች ሸጠው ልከዋል። «ቲኬት ገዝተው ነበርን?» ብዬ ብጠይቃቸው «አልገዛኹም፤ ልጄ፥ እግዜር የሰጠኝ መስሎኝ ነው» አሉኝ። አቤቱታቸውን ጻፍኹላቸው፤ የፍየሎቹ ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ሕጉ እንደዚያ መልእክት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቍጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገንዘብ ላይ ከመቶ 15 ግብር ሲጥል፥ ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀረው ገንዘቡን የሚከፍለው ወገን እንዲኾን አዘዘ። እንግዲህ «አስቀድመህ ግብር ላክ» የሚል ኹሉ አታላይ መኾኑን ልብ በሉ፤ ይኽንም ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችና ሠራተኞች ንገሯቸው።

ኹለተኛም፥ ቲኬት የሚገዛው ከቤት ገንዘብ ነውና ባልና ሚስት ሊደባበቁ አይገባም። በድሬዳዋም የሚሠራበት፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ፥ የግል መኾኑ ካልተረጋገጠ በቀር የባልና የሚስትን ሀብት የጋራ አድርጎ ይቈጥረዋል። ዕጣ ወጥቶለት የሚሸሽግ ሰው የትዳር ጓደኛውን ድርሻ እንደ ሸሸገ ይወቅ።

ወደ ሐርላ ልመለስና ነገሬን ልፈጽም። የሐርላ ገበሬዎች ሲያርሱ የጥንት ገንዘብ ያገኙ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ወሬው የተሰማው የሊቃውንት ቍፋሮም የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድና ከግብጽ የመጣ የ13ኛው መቶ ዓመት ገንዘብ አስገኘ። ይኽ ለሚያገኘው ሰው ዕድል ይመስላል፤ ገንዘቡን ወደዚያ ያመጡት ግን ከሩቅ አገር ጋራ የነገዱና በእጃቸው ጌጥ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሎተሪ የሚወድ ሰው ቢጠፋ የማያስቈጨውን ገንዘብ ብቻ ያውጣ፤ የልጆቹን እንጀራና የትምህርት ቤት ገንዘብ ግን አይንካ። ቲኬት ሳንገዛም ዕጣ እንደ ደረሰን የሚነግረን ሰው ቢመጣ፥ የእኛን ገንዘብ ሊወስድ እንደ መጣ እንወቅ።