ባል ጥገኝነት ሲሰጠው ሚስት ምን ማወቅ ይገባታል?

በአንድ ጎረቤታችን ቤት ሰሞኑን ደስታና ጭንቀት አብረው ገብተዋል። ወደ አሜሪካ ከሄደ አራት ዓመት የሆነው አባወራ፣ የጥገኝነት ጥያቄው ተቀባይነት ማግኘቱን በስልክ አበሰረ። ባለቤቱ እልልታዋን ሳትጨርስ፣ «እኔና ልጆቹስ?» የሚለው ሐሳብ መጣባት። ይህ የብዙ እናቶች ጥያቄ ስለሆነ ሕጉ የሚለውን በዛሬው ዓምዳችን ባጭሩ እናቀርባለን።

በአሜሪካ ሕግ መሠረት ጥገኝነት ያገኘ ሰው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆቹ «አይ-730» በተባለው ቅጽ ሊያመለክት ይችላል። ቅጹ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ይሞላል፤ ለእናቲቱ የገባው ልጆቹን አያጠቃልልም።

በመጀመሪያ ልብ ሊባል የሚገባው ጊዜው ነው። ማመልከቻው ጥገኝነቱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ቀኑ ካለፈ የሚራዘመው በቂ ሰብዓዊ ምክንያት ሲቀርብ ብቻ ነው። ስለሆነም «ትንሽ ልደላደልና» የሚል ባል ቢኖር ቀኑን ማስታወስ የሚስት ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ጋብቻው ነው። ጥገኝነቱ ከመሰጠቱ በፊት የተፈጸመ መሆን አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመውን ጋብቻ ሁሉ ይቀበላል፤ ሆኖም በማንኛውም ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ እንዲመዘገብ ያዛል። ብዙዎቻችን ግን ድግሱን አስበን መዝገቡን እንረሳለን። ጎረቤታችንም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብታገባም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስላላወጣች፣ ዛሬ ከሥራ እያስፈቀደች ወረዳ ትመላለሳለች።

በዚህ ጊዜ «ቀኑን ወደ ኋላ አድርገን እናጽፍልሽ» የሚሉ ደላሎች አይጠፉም። ይህ ማጭበርበር ነው፤ እውነተኛውን ትዳር ጭምር ያስጠረጥራል። ይልቅስ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና ባል ገንዘብ የላከበት ደረሰኝ በጥንቃቄ ይቀመጡ። ባልም ጥገኝነት ሲጠይቅ ሚስትና ልጆቹን በቅጹ ላይ አስመዝግቦ እንደሆነ ይጠየቅ። «ላጤ ነኝ» ብሎ ከሆነ ሳይዘገይ የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ጥገኝነቱ ከተሰጠ በኋላ የተጋቡ ጥንዶች መንገዳቸው ሌላ ነው። ባልየው 1 ዓመት ከቆየ በኋላ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያመለክታል፤ ፈቃዱን ሲያገኝ ለሚስቱ ይጠይቃል። ይህ በዓመታዊ ኮታ ስለሚሠራ ወረፋ አለው። ዜግነት ካገኘ ግን ኮታው ለሚስት አይሠራም። ለሠርጉ ብሎ ሸሽቶት ወደ ወጣው አገር መመለስ ደግሞ ጥገኝነቱን አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል በቅድሚያ ምክር ይጠይቅ።

በባሏ በኩል የገባች ሚስት መሥራት ትችላለች፤ 1 ዓመት ስትኖርም ለራሷ ቋሚ ፈቃድ ታመለክታለች። እስከዚያው ግን መብቷ በትዳሩ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከዚያ በፊት ፍቺ ቢመጣ የራሷን የጥገኝነት ጥያቄ ማቅረብ ሊያስፈልጋት ይችላል። ይህን አውቃ ብትሄድ አትደናገጥም።

እህቶች፣ የአሠራር መመሪያ ይለዋወጣልና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የወቅቱን ደንብ ጠይቁ። ያልተመዘገበ ጋብቻ ያላችሁ ደግሞ ባላችሁ አጠገባችሁ ሳለ አስመዝግቡ። ባሕር ከተሻገረ በኋላ ቀላሉ ነገር ይከብዳል።