የሰኞ ትኩሳት

የግቢ በር አሠርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በቅርቡ የመጀመሪያዬን አሠራሁ። ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ ዋጋ መከራከር አያሳፍረኝም፤ ከበያጁ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራክሬ አስቀነስኩ።

ሰኞ ማታ "የት ደረሰ?" ብዬ ስደውል ድምፁ ሌላ ሆኗል። "ዛሬ ብርድ ብርድ ብሎኝ ተኝቻለሁ እህቴ። የብየዳው ጭስ ነው፤ ወተት ጠጥቻለሁ፣ ነገ ይለቀኛል" አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ይለቀዋል። ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ፣ ከተነፈሱት ከሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጡንቻ ሕመም ያመጣል። አፍ ብረት ብረት ይላል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። "የሰኞ ትኩሳት" የሚሉትም አሉ፤ ሰውነት በሥራ ቀናት ጭሱን ይለምድና በእረፍት ቀን ልማዱን ስለሚያጣ ሰኞ እንደ አዲስ ይነሳል። ወተቱ ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ሳንባ አይደርስም። (እናቴም ብትሆን መጀመሪያ የምታዘው ወተት ነበር።)

እኔን ያስደነገጠኝ ትኩሳቱ አይደለም፤ ትኩሳት ሳያመጣ የሚቀመጠው ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ በዋናነት የሚጠቀሰውም የሳንባ ካንሰር ነው። ጭሱ ለሳንባ ምችም ያጋልጣል፤ እንግሊዝ አገር በያጆች የሳንባ ምች ክትባት እንዲወስዱ የሚመከረው ለዚህ ነው። ጥቁሩ መነጽር የሚጠብቀው ዓይንን ብቻ ነው። አፍ ላይ የሚታሰረው ሻሽም ይህን የደቀቀ ጭስ አያስቀርም። ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክ ያስፈልጋል። ከክፍል ወጥቶ ደጅ መበየድ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊት እንዲወስደው ሆኖ መቆም ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መስጠት አለበት። የእኔ በያጅ ግን የራሱ አሠሪ ነው። ማስክ የሚገዛው እኛ ከምንከፍለው ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን አስቀንሻለሁ።

ማስክ ገዝቼ ሄድኩ። ሳቀ፣ "ይሞቃል" አለ፣ ግን አጠለቀው። ብረቱን አጎንብሶ የያዘለት ረዳቱ ጭሱ ውስጥ ቆሞ ያየኛል። የገዛሁት አንድ ብቻ ነበር። በማግስቱ ሁለተኛውን ይዤ ተመለስኩ፤ በዋጋው ግን አልተከራከርኩም።